ጫማቸውን የሚያሳየኝ ስፖኪዮ

ይህን ከመጻፌ በፊት እትዬ አስካለን አስፈቅጃለሁ። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ጻፊው፤ ብቻ ራስሽን እንዳታሳምሪ» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። እናንተም ስታነቡ «ይቺ ሴትዮ ራሷን እያሳመረች ነው» የሚያሰኝ ቦታ ከደረሳችሁ፣ እዚያ ላይ አትመኑኝ።

ሙና እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቂርቆስ ነው፤ ካዛንቺስ ደግሞ መጋረጃ የምሰፋበት ሱቅ አለኝ። ይህ ነገር ሲደርስ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሲበዛ ችኩል ነበርኩ። ሻይ እስኪበርድ አልጠብቅም፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ ገባኝ» እላለሁ፣ ቀይ መብራት ሲይዘኝ መሪውን በጣቴ እደበድባለሁ። አላህ ይዘንላትና እናቴ «አንቺ ስትወለጂም አዋላጇ ጓንቷን እስክታጠልቅ አልጠበቅሽም» ትለኝ ነበር።

ወላጆቼ የተዉልኝ ቤት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። መተላለፊያዋ በአንድ ወገን የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው ወገን የቆርቆሮ አጥር ናት። መኪና ታስገባለች፤ ማዞር ግን አይታሰብም። ስለዚህ ማታ ፊት ለፊት እገባለሁ፣ ጠዋት ወደኋላ እየነዳሁ እወጣለሁ። አፏ ላይ፣ በመኪናዬ ቀኝ በኩል፣ ክዳን የሌለው የውሃ ቦይ አለ፤ ከቦዩ አጠገብ የመብራት ምሰሶ፣ ከምሰሶው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ያ ድንጋይ የጋሽ ታደለ ቦታ ነው።

ጋሽ ታደለ የእትዬ አስካለ ባለቤት ናቸው። ቤታቸው መተላለፊያዋ አፍ ላይ ነው፤ የመኝታ ቤታቸው መስኮት በቀጥታ ወደ መተላለፊያዋ ይከፈታል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። አንዴ በስልክ ያናገሩትን ሰው ከስንት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ሲያወራ ሰምተው በስሙ ይጠሩታል። የሠፈሩን ሰው በኮቴው፣ መኪናውን በሞተሩ ያውቃሉ። እኔን «ሙኒ፣ ጉንፋን ሊይዝሽ ነው» ይሉኛል፤ በማግስቱ ይይዘኛል።

በየጠዋቱ ከዚያች መተላለፊያ እየመሩ የሚያወጡኝ እሳቸው ነበሩ። አትሳቁ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ወደኋላ ሲሄድ ሰው ዝም ብሎ እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። የማያውቃችሁም ሰው ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይላችኋል። እኔን አብዛኛው ሰው በ«ና» ጀምሮ ሴት መሆኔን ሲያይ ነው ወደ «ነይ» የሚመለሰው። ጋሽ ታደለ ግን ከመጀመሪያውም «ነይ» ናቸው። ድንጋያቸው ላይ ይቆማሉ፣ ነጭ በትራቸውን ብብታቸው ሥር ይሸጉጣሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ግንቡ ዘንበል አድርገው የመኪናዋን ድምፅ ይሰማሉ። «ነይ... ነይ... ትንሽ ወደ ግራ... ነይ... በቃ!» «በቃ» ሲሉ የኋላ ጎማዬ ከቦዩ አንድ ክንድ ይቀረዋል። ሁልጊዜ አንድ ክንድ። አባቴንም በአሮጌ መኪናው ያወጡት የነበሩት እሳቸው ናቸው። «አባትሽ መሪውን እንደ ማማሰያ ነበር የሚያዞረው፣ አንቺ በስንት ጣዕምሽ» ይሉኛል።

የኔዋ መኪና ኤሌክትሪክ ናት። ስክሪኗ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው፤ እኔ የማውቀው የሰዓቱን ቁጥርና የባትሪውን ሥዕል ብቻ ነው። የሞተር ድምፅ ስለሌላት፣ ቀስ ብላ ስትሄድና ወደኋላ ስትመለስ እግረኛ እንዲሰማት ተብሎ ከውጭ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተገጥሞላታል። ጋሽ ታደለ በመጀመሪያው ቀን ሰምተው እየሳቁ «ንብ ነው እንዴ የገዛሽው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ንቢቱ ሆኖ ቀረ።

ንቢቱ ሌላም ጠባይ ነበራት። የኋላ ማርሽ ሳስገባ የቀኝ ስፖኪዮዋ በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ የኋላውን ጎማና የመንገዱን ጠርዝ ለማሳየት ነው። በየጠዋቱ ማርሽ ሳስገባ ስፖኪዮው ጎንበስ ይልና ጥጉ ላይ ሁለት ጥቁር ጫማዎች ያሳየኛል፤ ድንጋዩ ላይ ተስተካክለው የቆሙ፣ የተወለወሉ። አንዴ «ጋሼ፣ ጫማዎ ሁሌ እንዳበራ ነው» ብያቸው «የማላየውን ጫማ የምወለውለው ሌላ ሰው እንዲያየው ነው» ብለውኛል። ፊታቸውን አላይም ነበር። ጫማቸውን አያለሁ፣ ድምፃቸውን እሰማለሁ፣ እወጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቆርቆሮው አጥር ላይ ወጣ ያለች የብረት በር ማጠፊያ አለች። ጋሽ ታደለ «ወደ ግራ» ብለውኝ እኔ ዘግይቼ አዞርኩና የቀኝ በሬን ከዳር እስከ ዳር ጫረችው።

«ወደ ግራ ብዬሻለሁ እኮ» አሉ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ይሄ ስፖኪዮ ነው፣ መሬት መሬት እያየ!»

«ስፖኪዮው ምን በደለሽ? ቸኩለሽ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ግን የተቆጣ ሰው በራሱ አይፈርድም፤ እኔ በስፖኪዮው ፈረድኩ። ሱቅ እንደደረስኩ ከጀርባችን ወዳለው ወደ ቢኒ ጋራዥ ሄድኩ። ቢኒ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እነዚህን አዳዲሶቹን መኪኖች እየነካካ ነው የተማራቸው።

«ቢኒ፣ ይሄ ስፖኪዮ ማርሽ ሳስገባ መጎንበሱን አጥፋልኝ።»

«እሱማ ቀላል ነው። በቃ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ማጥፋት ነው።»

ስክሪኑን በጣቱ እየገፋ ወረደ፣ ወጣ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊያስተረጉመው ሞከረና ከት ብሎ ሳቀ። «‹የመስታወት ስግደት› ይላል። በቃ አገኘሁት።» አጠፋው። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር፤ የመኪና ሥዕል ያለበት፣ ከመኪናው ኋላ ሦስት ቅስት መስመሮች የተሳሉበት። ሊያስተረጉመው ቢል ኔትወርኩ እምቢ አለ።

«ይሄስ?» አልኩት።

«በቃ፣ እሱም ከኋላ ማርሽ ጋር የሚሠራ ነው መሰለኝ፤ አብሮ ነው ያለው። ትንሽ እንጠብቅና ልየው ወይስ ሁለቱንም ላጥፋው?»

«አጥፋው፣ አጥፋው። ደንበኛ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።»

አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ። ቢኒ ጠይቆኛል።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስመለስ እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ወደ መተላለፊያዋ ስታጠፍ ቀና አላሉም። ጉልበታቸው አጠገብ ስደርስ ነው ዘለው የተነሡት፤ ጎመኑ ተበተነ። «ወይኔ ልጄን! ከየት መጣሽ አንቺ?» አሉ ደረታቸውን ይዘው። ሳቅኩ። ንቢቱ ጸጥ ማለቷን ያኔ አውቄዋለሁ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ያ ዝዝታ ሲያሰለቸኝ ነበር የከረመው። ለምን ጸጥ አለች ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ አርብ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አባርቶ ቦዩ እየጮኸ ይወርዳል። ለአንድ ሆቴል የሰፋሁትን መጋረጃ ጠቅልዬ የኋላውን ወንበር እስከ ጣራ ሞልቼዋለሁ፤ በኋላው መስታወት ምንም አይታይም። የኋላ ካሜራዋ ክረምቱ ከገባ ውሃ ገብቶባት ጉም ብቻ ነው የምታሳየው። ውስጥ ሆኖ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በዚያች ጠባብ ቦታ ግንብና ቆርቆሮ እያየ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ስለሚጮህ ጆሮ ከነፈግኩት ቆይቷል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለማመካኘት አይደለም። ጋሽ ታደለ ስላሉ ምንም አልጎደለኝም ብዬ ነበር የማምነው።

«ደህና አደሩ ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ መኪናዋ ውስጥ እየገባሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ረፍዶብሻል ዛሬ።»

«በጣም እንጂ!»

«በይ ነይ» አሉ ከድንጋያቸው ላይ።

በሩን ዘጋሁ፤ ማርሽ አስገባሁ። ስፖኪዮው አልጎነበሰም። ያቺ ማጠፊያ ቁልጭ ብላ ታየችኝ፤ የሆነ ነገር ያሸነፍኩ መሰለኝ። ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ፍሬኑን ለቀቅኩ።

«ነይ...» አሉ።

መጣሁ።

«ነይ...»

መጣሁ።

«ነይ እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው። ስለረፈደብኝ እያስቸኮሉኝ መሰለኝና ረገጥ አደረግኩ።

«ኧረ ነይ! ምን ሆነሻል?»

ድምፃቸው ከወትሮው ቀርቧል። መቅረቡን ሰምቻለሁ። ግን ማጠፊያዋን እያለፍኳት ነበር፤ አለፍኳት፣ ሳትነካኝ። ያኔ በስፖኪዮው ውስጥ ከማጠፊያዋ ባሻገር ምሰሶውን አየሁት። ከምሰሶው ሥር ማንም የለም። እኔ ደግሞ ዝቅ ብዬ ጫማ ማየት እንጂ ቀና ብዬ ሰው መፈለግ አልለመድኩም፤ ያየሁት ነገር ምን ማለት እንደሆነ እስኪገባኝ ዘገየሁ።

«ነይ...»

ከዚያ ቀጭን የእንጨት ስብራት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። በትራቸው ነው። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ፍሬን ያዝኩ። «በቃ» የሚል ሰው አልነበረም።

ስወርድ ጋሽ ታደለ ከመኪናዋ ኋላ በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ግራ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል፤ ጭንቅላታቸው የቦዩን ጠርዝ መትቶ ደም ከጆሯቸው በላይ ይወርዳል። አንደኛው ጫማቸው ወልቆ ቦዩ ውስጥ ውሃው እየገፋው ነበር። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሙኒ?» አሉ። «የማን መኪና ነው የመታኝ?»

«የኔ ናት ጋሼ። የኔ ናት።»

«አይ» አሉ ቀስ ብለው። «ያንቺማ ገና አልተነሳችም።»

እትዬ አስካለ ጮኸው ሲወጡ ትዝ ይለኛል። ጎረቤቶች ተረባርበው በላዳ ታክሲ ሐኪም ቤት እንደወሰዷቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ረጅም ወንበር ነው። ሐኪሞቹ እግሩ ተሰብሯል፣ እሱ ይድናል፣ የሚያሠጋው ጭንቅላቱ ነው አሉ። ጭንቅላታቸውን በሲቲ ስካን ሊያነሡ አስገቧቸውና በሩ ተዘጋ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው አንዲቷን ጫማ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋታል። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የትራፊክ ፖሊሱ እዚያው መጣ።

«ወደኋላ ስትነጂ ነይ ያለሽ ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«ማን?»

«ጋሽ ታደለ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚመሩኝ።»

እየጻፈ ነበር፤ ብዕሩን አቆመ። «የተጎዱት ሰውዬ? ዓይነ ስውሩ?»

«አዎ» አልኩ። ነገሩ እንደዚያ ጮክ ተብሎ ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም ተባለ። አልቅሼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ገብተን ስናያቸው እግራቸው ጀሶ ውስጥ ነው፤ ግንባራቸው ታስሯል፤ ነቅተዋል። ፖሊሱ ቃላቸውን ጠየቃቸው።

«ክስ የለኝም» አሉ። «ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። በሯ ሲዘጋ ሰማሁ፣ ነይ አልኳት። ድምጿን ብጠብቅ ዝም። ነይ አልኩ፣ ዝም። ስልክ ይዛለች ብዬ፣ መስታወቷን ላንኳኳላት ከድንጋዬ ወርጄ ሄድኩ።»

እያንዳንዱን «ነይ» አንድ በአንድ እንደገና ሰማሁት። እሳቸው የሚጠሩት የቆመች መኪና ነበር። እኔ በየጥሪያቸው እየመጣሁባቸው ነበር።

«ሙኒ» አሉ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ንቢቱ ዛሬ ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር?»

እዚያች ቅጽበት ላይ ሁሉም ነገር ገባኝ። የተበተነው ጎመን። ደስ ያለኝ ጸጥታ። የመኪናው ሥዕልና ሦስቱ ቅስቶች። ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። እትዬ አስካለ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ፣ ሰው ሳይጨርስ የምመልሰው እኔ፣ ትንሽ ቆየሁ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «እንደ ወትሮው ነበር።»

 እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣና በቀስታ ጆሯቸውን ነካ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«እንግዲያው ጆሮዬ ነዋ» አሉ።

እሑድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ፖሊሶቹ አርብ የያዙብኝን መኪናና መንጃ ፈቃድ ሰኞ መለሱልኝ፤ ተጎጂው ራሳቸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለዋልና። መኪናዋን ሱቄ ደጃፍ አቁሜ በእግሬ እመላለስ ጀመር። በመስኮታቸው ሥር ሳልፍ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ነበር የማልፈው፤ ኮቴዬን እንዳይለዩት። ሌላውን ብደብቃችሁ እንኳ ይህን መንገር ነበረብኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለ ቤቴ መጡ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም።

«ሬዲዮኑን አጥፊው አለኝ» አሉ። «ስለ እግሩ አንድ ቃል አልተናገረም። ቀኑን ሙሉ ጣቶቹን ጆሮው ሥር እያሻሸ ያዳምጣል። ‹የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ስንት ጊዜ መታ?› ይለኛል። ‹አራት› ስለው ‹እኔ አራት ሰማሁ፤ ግን ያልሰማሁት እንዳለ በምን አውቃለሁ?› ይላል።»

«ይሰማሉ እኮ እትዬ» አልኩ።

«ማንሾካሾኬን ይሰማል። ግን የሚሰማውን አያምነውም። ማታ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አስካለ፣ ከእንግዲህ ከቤት አልወጣም። ዓይን አልነበረኝም፣ ጆሮዬ ነበር እኔ። ያችን የምታህል ነገር እላዬ ላይ እስክትወጣ ካልሰማኋት ከወንበሩ በምን እለያለሁ?› አለኝ።» ነጠላቸውን አጣፉ። «ሐኪሙ ጆሮው ጤነኛ ነው ብሎናል። አያምንም። እና ሙና፣ አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ...»

አልጨረሱትም። እኔም «ገባኝ» አላልኩም። እሳቸው ወጡ።

ከቤት ወጥቼ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ሄድኩ። ቢኒን መኪናዋ ውስጥ አስገባሁትና እኔ ከኋላዋ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። «ዓይኔን እጨፍናለሁ» አልኩት። «ና ስልህ ቀስ ብለህ ና። እኔ ስሰማህ በቃ እልሃለሁ።» ጨፈንኩ። «ና» አልኩ። ምንም የለም። «ና» አልኩ። ሩቅ ቦታ ሰው ይስቃል፣ መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል፣ ከፊቴ ግን ምንም የለም። ቆሟል ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። «ቢኒ፣ ና እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ።

«መጥቻለሁ እኮ» አለ። ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር አትርቅም።

ቢኒ ወርዶ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ገብቶ ያችን መስመር ፈለጋት፣ በስልኩ አስተረጎማት፣ አነበባት። የእግረኛ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ነበረች።

ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ታደለ ጋ ገባሁ። መስኮታቸው ተዘግቷል። «ሙኒ ናት» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «መሰለችኝ» ብለው ጨመሩ።  ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስፖኪዮውን፣ ቢኒን፣ «አጥፋው አጥፋው» ማለቴን፣ ማታውን ጸጥታውን አውቄ መሳቄን፣ ሐኪም ቤት መዋሸቴን።

ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«እናትሽ ደግ ሴት ነበረች» አሉ። «አንቺም ልብሽ ደግ ነው። ግን እኔን ለማጽናናት ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ።»

«ጋሼ፣ ወላሂ...»

«ሐኪም ቤት ስጠይቅሽ ሳትቸኩዪ ነው የመለስሽልኝ። አንቺ ሳትቸኩዪ ስትናገሪ ሰምቼ አላውቅም። አስበሽ የተናገርሽው እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ነው የማምነው።»

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልንገራችሁ? እውነቱን ይዤ መጥቼ የሚቀበለኝ አጣሁ። ውሸቴን እንዲያ አሳምሬ ነበር የሠራሁት።

መፍትሔውን ያገኙት እትዬ አስካለ ናቸው። ንቢቱን ማታውኑ ወደ ቤቴ መለስኳት፤ በማግስቱ ጠዋት ቢኒን መተላለፊያዋ አፍ ላይ አቆምነው፤ ሰው እንዳያልፍ። ድምፁ እንደጠፋ ነው። እትዬ አስካለ አልጋውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው መስኮቱን ከፈቱ። እኔ የምነግራችሁ እሳቸው የነገሩኝን ነው፤ እኔ መሪውን ይዤ ወደኋላ እየነዳሁ ነበር።

«ታደለ፣ ምን ይሰማሃል?»

«ምንም።»

«እኔም ምንም አይሰማኝም» አሉ እትዬ አስካለ። «ግን በዓይኔ እያየኋት ነው። እየመጣች ነው።» ከዚያ የባላቸውን እጅ ይዘው በመስኮቱ አወጡት። መተላለፊያዋ ጠባብ ናት፤ የጋሽ ታደለ መዳፍ የንቢቱ ጣራ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛው ብረት ከመዳፋቸው ሥር እየተንሸራተተ አለፈ፤ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ። እጃቸው ብረቱ ካለፈ በኋላም አየር ላይ እንደተዘረጋ ቆየ።

ወደ ፊት ተመለስኩ። ቢኒ እንዳሳየኝ ያችን መስመር ነካኋት፤ የስፖኪዮውንም አብሬ። ማርሽ አስገባሁ።

ዝዝዝ አለች።

ስፖኪዮው ጎንበስ አለ። ባዶውን ድንጋይ አሳየኝ።  ፍሬን ይዤ ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

«ነይ» አሉ። ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። «ነይ... ነይ... ወደ ግራ... ነይ...»

እየመጣሁ አለቅሳለሁ።

«በቃ!»

ወርጄ ለካሁት። ከጎማው እስከ ቦዩ አንድ ክንድ ነበር።

በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እንደገና ሰጠሁ። መንጃ ፈቃዴ ተያዘ፤ የሚገባኝን ያህል ቆየ፤ ከዚያ ተመለሰልኝ። ጋሽ ታደለ አሁን በአዲስ በትር፣ ትንሽ እያነከሱ ይሄዳሉ። ሬዲዮናቸው ተከፍቷል። ድንጋያቸው ላይ ግን ዳግመኛ አልቆሙም፤ እኔም እንዲቆሙ አልፈልግም። ከመስኮታቸው ሆነው ነው «ነይ» የሚሉኝ፤ እኔም ድምፃቸውን ብሰማም ወርጄ መኪናዋን ሳልዞራት አልነዳም።

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ የሚያሰለቻችሁን ነገር ሁሉ አታጥፉ የምል አይደለሁም። የማታውቁትን መስመር ስትነኩ ግን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ፣ ይህ ድምፅ ለማን ነበር የሚጮኸው ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ መኪና ላላችሁም ለሌላችሁም ነው። እኔ በጎማዬ የሰበርኩት እግር በጀሶ ተጠግኗል። በአንዲት «አዎ» የወሰድኩትን ግን ሐኪም ሊመልሰው አልቻለም፤ ራሴ ወስጄ ራሴ መመለስ ነበረብኝ፤ ለዚያውም ለጥቂት ሊያመልጠኝ ነበር።

ዛሬም በየጠዋቱ ማርሽ ሳስገባ ስፖኪዮው ይጎነበስና ጫማ የሌለበትን ድንጋይ ያሳየኛል። አላጠፋውም።

በቀደም እንጀራ በወጥ አብረን ስንበላ ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጉርሻቸውን እስኪውጡ ጠበቅኩ።

«እግሬን የዚያኑ ቀን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «የዋሸሽኝን አራት ቀን ግን ገና እያሰብኩበት ነው።»

ይህን ለመጻፍ እሳቸውን ሳይሆን እትዬ አስካለን ያስፈቀድኩት ለዚህ ነው።